ለባዶ መንደር የሚቀርብ ውዳሴ

በየዓመቱ የኅዳር ወር በገባ ቁጥር በአውሮፓ የጉዞ ጸሐፊዎች ዘንድ አንድ ምክር ከብዕር ወደ ብዕር ይዘዋወራል። «በበጋ አትሂድ፤ በክረምት ሂድ፤ ስፍራውን ብቻህን ታገኘዋለህ» ይላል ምክሩ። ከሚጠቆሙት ስፍራዎች መካከል በኢጣሊያ ሰሜን ምዕራብ፣ በሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ ገደል ላይ የተንጠለጠሉት አምስት መንደሮች፣ ማለትም ሞንቴሮሶ፣ ቬርናጻ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ ከፊተኛው ረድፍ አይታጡም። በአንድነት ሲጠሩ ቺንኩዌ ቴሬ፣ ማለትም «አምስቱ ምድሮች» ይባላሉ። የነዋሪዎቻቸው ቁጥር ተደምሮ አራት ሺህ አይሞላም፤ ጎብኚዎቻቸው ግን በዓመት የሚቆጠሩት በሚሊዮን ነው። በበጋው ወራት ከላ ስፔሲያ ከተማ የሚነሣው ባቡር እንደ ጆንያ ታጭቆ ይመጣል፤ በመንደሮቹ ጠባብ መተላለፊያ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ይረማመዳል። እንግዲህ በክረምት ሂድ የሚለው ምክር ለሰሚው ብልህነት ቢመስል አያስደንቅም።

በምክሩ ላይ ነውር የለም። ነውሩ ያለው ምክሩን ተከትሎ በሚመጣው ውዳሴ ላይ ነው። የክረምቱ መንገደኛ ከጉዞው ሲመለስ የሚያወራው ስለ ጸጥታ ነው። ስለ ተዘጉ የመስኮት መዝጊያዎች፣ በደረጃ ላይ ብቻዋን ስለ ተኛች ድመት፣ በአደባባዩ ላይ ስለ ተገለበጡ ጀልባዎች፣ የሚሰማው ድምፅ የማዕበል ብቻ ስለ ሆነበት ማለዳ ይተርካል። በመጨረሻም «እውነተኛውን መንደር አየሁ» ብሎ ይፈርማል። ፎቶግራፍ አንሺው ይህንኑ በምስል፣ ገጣሚው በስንኝ ይደግምለታል። ክርክር የሚያስፈልገውም በዚህ «እውነተኛ መንደር» በተባለው ነገር ላይ ነው። ሰው የሌለበት መንደር በምን ሒሳብ እውነተኛ ይሆናል?

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባል። የአማርኛ ተርጓሚዎች የአውሮፓን የብርድ ወራት «ክረምት» ይሉታል። ጥንቁቅ መምህር ይህን ሲያይ እርማት ያደርጋል፤ የእነርሱ ክረምት የሚውለው በኢትዮጵያ በጋ ነውና። በሊጉሪያ ዳርቻ ግን የተርጓሚው ቸልተኝነት እንደ አጋጣሚ ወደ እውነቱ ይጠጋል። በዚያ ዳርቻ በረዶ ብርቅ ነው፤ ባሕሩ ብርዱን ያለዝበዋል። የሚበዛው ዝናብ ነው፤ ከመከር ወራት ጀምሮ ይወርዳል። አፈሩ ይጠጣል፤ ጎርፉ ይወርዳል፤ ገበሬው በሁለት ዝናብ መካከል ባገኘው ፀሐያማ ቀን ወይኑን ይገርዛል፣ የተናደውን ካብ መልሶ ይክባል። የአማርኛው ክረምት ዝናብንና የገበሬን ድካም በአንድ ቃል አጣምሮ የያዘ ነውና ለዚህ ስፍራ ከጣሊያንኛው የሆቴል ቋንቋ ይልቅ ይስማማዋል። የሆቴሉ ቋንቋ ይህንን ጊዜ «ዝቅተኛው ወቅት» ይለዋል። ለአልጋ አከራይ በእርግጥ ዝቅተኛ ነው። ካብ ለሚክብ ሰው ግን ከዚህ የከበደ ወቅት የለም።

የቺንኩዌ ቴሬ ውበት የተፈጥሮ ስጦታ ነው የሚለው አባባል ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ተፈጥሮ የሰጠችው ወደ ባሕር ቁልቁል የሚወርድ ገደልና ስስ አፈር ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ የዚያ ዳርቻ ሰዎች ድንጋይ እየፈለጡ፣ ያለ ኖራና ያለ ጭቃ ካብ እየካቡ፣ ከካቡ ጀርባ አፈር እየሞሉ ገደሉን ወደ እርከን ለወጡት። በእርከኑ ላይ ወይንና ወይራ ተከሉ። ካቦቹ አንዱ ከሌላው ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ርዝመታቸው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 መንደሮቹን ከአጎራባቻቸው ከፖርቶቬኔሬና ከሦስት ደሴቶች ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ «ባህላዊ መልክዐ ምድር» ብሎ የመዘገባቸው በዚህ ምክንያት ነው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የሰው ጉልበት ነው እንጂ ባሕሩ አይደለም። ጉልበቱም የወንድ ብቻ አልነበረም፤ ድንጋዩን፣ አፈሩንና የመኸሩን ወይን በቅርጫት ተሸክመው ያንን አቀበት የወጡና የወረዱ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ። በኋላ ዘመን በአንዳንድ ተዳፋቶች ላይ በአንድ ሐዲድ ብቻ የሚሽከረከር ትንሽ የጭነት መኪና ተተክሎ ሸክሙን በከፊል አቃለለ። ካቡን ግን እስከ ዛሬ በሰው ምትክ የሚክብ መኪና አልተገኘም።

ካብ የግንብ ታናሽ ወንድም ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ግንብ ውሃን ያግዳል፤ ካብ ውሃን ያሳልፋል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት የአሠራሩ ምሥጢር ነው፤ በዚያ ክፍተት የዝናቡ ውሃ ይጣራል፣ አፈሩ ግን ባለበት ይቀራል። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይቀመጣል፤ ትንንሹ ከበስተ ኋላ መሙያ ይሆናል፤ የካቡ ፊት ወደ ኮረብታው ጥቂት እንዲያዘነብል ይደረጋል። እንዲህ የተሠራ ካብ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ጠባቂ ይፈልጋል። አንድ ክረምት ጎብኚ ካጣ አንድ ድንጋይ ይወጣል። በሚቀጥለው ክረምት የካቡ ሆድ ይነፋል። ቀጥሎ ይናዳል፤ የላይኛው ካብ ሲናድም ሸክሙ በታችኛው ላይ ያርፋልና ታችኛውም ይከተለዋል። እዚህ ላይ ጎብኚ የተባለው ካሜራ ያነገተው መንገደኛ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ታዲያ ይህ ጠባቂ የት ሄደ? የሄደበት መንገድ በታሪክ ይታወቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካለፈ በኋላ በላ ስፔሲያ የተቋቋመው የባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ፋብሪካና የመርከብ መሥሪያ የመንደሮቹን ወጣቶች በደመወዝ ሳበ። እ.ኤ.አ. በ1874 ከጄኖቫ ወደ ላ ስፔሲያ የሚዘልቀው የባቡር መሥመር ሲከፈት በጀልባና በበቅሎ መንገድ ብቻ ይደረስባቸው የነበሩ መንደሮች ከከተማ ጋር ተገናኙ፤ ቀን በፋብሪካ ውሎ ማታ ወደ ቤት መመለስም ተቻለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍልሰቱ በረታ። በመጨረሻ የመጣው ቱሪዝም ነው። በአንድ ወቅት ከአንድ ሺህ ሄክታር በላይ የነበረው የወይን እርከን በዛሬው ጊዜ ወደ መቶ ሄክታር ግድም ወርዷል። የቀረውን ጥድና ቁጥቋጦ ወርሶታል። መንገደኛው ከላይ ቆሞ «እንዴት ያለ አረንጓዴ ነው» ሲል የሚያደንቀው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ የጠፋ እርሻ ነው።

«የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» የሚለው የአበው ተረት ለክረምቱ አድናቂ የተተረተ ይመስላል።

ናዳው በምሳሌ ብቻ የቀረ እንዳይመስል እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2011 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ቀን በአካባቢው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እጅግ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ በአንዳንድ የመለኪያ ጣቢያዎች ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ተመዘገበ። ለማነጻጸር ያህል፣ አዲስ አበባ ይህን ያህል ዝናብ ለማግኘት ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ መጠበቅ አለባት። በቬርናጻ በመንደሩ መካከል ከመንገድ በታች ተሸፍኖ ያልፍ የነበረው ጅረት ጣሪያውን ጥሶ ወጣ። ከተዳፋቱ የወረደው ጭቃና ድንጋይ የቤቶቹን የመጀመሪያ ፎቅ ሞላ። በቬርናጻ ሦስት ሰዎች፣ በሞንቴሮሶ አንድ ሰው ሞቱ። መንገዱም ሐዲዱም ስለ ተቆረጠ የቬርናጻ ሰዎች የወጡት በባሕር ነው። ጠበብት በኋላ ተዳፋቱን መርምረው እንዳሳዩት፣ ናዳው በርትቶ ከተገኘባቸው ስፍራዎች መካከል በቅርብ አሥርተ ዓመታት እርሻቸው የተተወ፣ ካባቸው ጠባቂ ያጣ እርከኖች ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ዝናብ በሙሉ የሚችል ካብ የለም፤ ካቡ ሁሉ በደህና ቢያዝ ኖሮ ማንም አይሞትም ነበር ብሎ መከራከር ቅንነት ይጎድለዋል። ሆኖም ሺህ ዓመት የተሸከመን ተዳፋት በሁለት ትውልድ ውስጥ አራግፎ ከዚያ ሰማይን ብቻ መክሰስም ሌላው ቅንነት የጎደለው ነገር ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የ2011 እና የ2012 ክረምት በቬርናጻ ታሪክ እጅግ ጸጥተኛው ክረምት ነበር። ጎብኚ አልነበረም። ሆቴሉም ሱቁም ተዘግቶ ነበር። ብዙዎቹ ነዋሪዎች በዘመድና በእንግዳ ማረፊያ ተበትነው፣ የተመለሱት ከበጎ ፈቃደኞች ጋር አካፋ ይዘው ጭቃ ይዝቁ ነበር። ጸጥታን ለብቻው ነጥሎ የሚያፈቅር ሰው ቢኖር የሚመኘው ፍጹሙ ሥዕል ያ ነበር።

አንዳንዱ ተቺ እዚህ ላይ ያቋርጥና «እንግዲያውስ ጥፋተኛው ቱሪስቱ ነው፤ ይቅር» ይላል። ይህ ቀላል ፍርድ ነው፤ ስለሆነም ሊጠረጠር ይገባል። በእነዚያ መንደሮች ድህነት የነበረው በፖስት ካርድ ላይ ሳይሆን በማዕድ ላይ ነው። የወይን ገበሬ ልጅ የአያቱን ቤት አንድ ክፍል በበጋ አከራይቶ በሁለት ወር የሚያገኘው ገንዘብ በካብ ላይ ጎብጦ ዓመቱን ሙሉ ከሚያገኘው የሚበልጥ ከሆነ፣ ክፍሉን አከራየ ብሎ የሚወቅሰው ማን ነው? በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ስለ ሸክም ክብር መስበክ የጥንት የባለጸጋ ልማድ ነው። ገበሬው ለመልክዐ ምድሩ ሲባል ድሀ ሆኖ ይቅር ብሎ የሚጠይቅ አድናቂ፣ አድናቂ ሳይሆን ባለ ርስት ነው።

ነገር ግን ከዚህ የሚከተል ሌላ ጥያቄ አለ። ገንዘቡን የሚያመጣው እርከኑ ነው፤ መንገደኛው ከሩቅ አገር የሚመጣው እርሱን ለማየት ነው። ገንዘቡ የሚያርፈው ግን በአልጋው ላይ ነው። ካብ የሚክበው ሰው በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስም የለውም። የአልጋው ኪራይ በየበጋው ሲያድግ የቤቱም ዋጋ ያድጋል፤ የቤቱ ዋጋ ሲያድግ ወጣቱ ባልና ሚስት ወደ ላ ስፔሲያ ይወርዳሉ፤ ከእነርሱም ጋር የወደፊቱ ካብ ካቢ ይወርዳል። በክረምት የተዘጉት መስኮቶች ታሪካቸው ይህ ነው። ከብዙዎቹ ጀርባ የተኛ ሰው የለም፤ በሚያዝያ የሚመጣ እንግዳን የሚጠብቅ የተነጠፈ አልጋ ነው ያለው። የክረምቱ መንገደኛ «እውነተኛው መንደር» ብሎ ያደነቀው እንግዲህ የበጋው መንደር የተገላቢጦሽ ገጽ ብቻ ነው። የበጋውን ግርግር የሚጠላ ሁሉ የክረምቱን ባዶነት ሊያፈቅር አይችልም፤ ሁለቱን ያመጣቸው አንድ ነገር ነውና።

«በክረምት ምንም የለም፤ ጀልባው ቆሟል፣ ምግብ ቤቱ ተዘግቷል፣ ምን ይታያል?» የሚሉትን በተመለከተ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም። ሰው ባገኘው መስኮት ያያል፤ እነርሱ የሚያዩት በምግብ ቤት መስኮት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ኪነ ጥበብ ነው። ስፍራውን ለዓለም ያስተዋወቀው ባለሥዕሉና ባለብዕሩ ነውና ምን እንዳሳየና ምን እንደደበቀ መመርመር ግዴታ ይሆናል። ጥሩ ምስክር አልጠፋም። የፍሎረንሱ ሠዓሊ ቴሌማኮ ሲኞሪኒ በ1860 ሪዮማጆሬን ካየ በኋላ በሕይወቱ ዘመን ደጋግሞ ተመልሶባታል። ባቡር ሳይገባ የነበረውን መንደር ያውቅ ነበር፤ ጠባቡን መተላለፊያና በውስጡ የሚኖረውን ሰው ሣለ፤ ስለ መንደሩም በጽሑፍ ትቷል። ገጣሚው ኤውጄንዮ ሞንታሌ ደግሞ የልጅነቱን የበጋ ወራት ያሳለፈው በሞንቴሮሶ በቤተሰቡ ቤት ነበር። በ1925 የታተመው የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ ከዚያ ዳርቻ ድንጋይና ፀሐይ የተፈለጠ ነው፤ በ1975 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሞንታሌ የበጋ ሰው ነበር፤ በክረምት አልመጣህም ተብሎ አልተወቀሰም፤ ምክንያቱም በበጋውም ቢሆን ዳርቻውን በስኳር አልለወሰውም። በእርሱ ዘንድ ባሕሩ ማጽናኛ ከመሆኑ ይልቅ ፈታኝ ነው፤ ድንጋዩም ደረቅ ድንጋይ ነው። ወቅቱን መምረጥ ብቻውን ዐይንን እንደማያጠራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አይፈለግም።

ከእነርሱ በኋላ የመጣው የፖስት ካርድ ኪነት ግን ሌላ ሥራ ሠርቷል። በሪዮማጆሬና በማናሮላ መካከል በገደሉ ወገብ ላይ የተቀረጸ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ የእግር መንገድ አለ። አጀማመሩ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት የባቡር ዋሻ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለድንጋይ ማፍረሻ የሚሆነው ፈንጂ ከቤቶች ርቆ እንዲቀመጥ ሠራተኞች ወደ ማከማቻው የሚወስድ መንገድ በገደሉ ላይ ፈለጡ፤ መንደርተኛውም በኋላ አደላድሎ መገናኛው አደረገው። ዛሬ ይህንን መንገድ በሠራተኛ ስም የሚጠራው የለም። «የፍቅር መንገድ» ነው የሚባለው። በሁለት መንደሮች መካከል ወጣቶች የተገናኙበት መሆኑ እውነት ነውና ስሙ ሐሰት አይባልም፤ ግን እንዴት ያለ የተመቸ ስም ነው! ፈንጂው፣ መዶሻውና አቧራው በአንድ ቃል ተጠርገው ወጡ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ከገደሉ የወረደ ድንጋይ አራት ጎብኚዎችን አቆሰለና መንገዱ ተዘጋ። ከ20 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶበት፣ ወደ 12 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ፣ በ2024 በክፍያ ተከፈተ። ያንን መረብና ብረት በገደሉ ላይ በገመድ ተንጠልጥለው ያሰሩት ሠራተኞችም በተራቸው በፖስት ካርዱ ላይ አይታዩም።

በዚህ ሁሉ መካከል በክረምት ብቻ የሚታይ፣ ከመንደሩ ከራሱ የወጣ አንድ የኪነት ሥራ አለ፤ የክረምቱ አድናቂዎች ዘንድ ግን ከድመቷና ከማዕበሉ ያነሰ ቦታ ነው የሚሰጠው። በማናሮላ አናት ላይ፣ በወይን እርከኑ ላይ፣ በባቡር ሐዲድ ሥራ የኖረ አንድ የመንደሩ ሰው ከ1961 ጀምሮ የክርስቶስን ልደት የሚያሳዩ ምስሎችን ማቆም ጀመረ። ምስሎቹ ከተጣለ ብረት፣ ከአሮጌ ዕቃና ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ከዓመት ዓመት እየበዙ ሄደው በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ፤ በሺህ የሚቆጠሩ አምፑሎች ተቀጣጠሉባቸው፤ በኋላም ኃይሉ ከፀሐይ ብርሃን እንዲገኝ ተደረገ። በየዓመቱ የሚበራው ዲሴምበር 8 ቀን ነው። ከመልአኩና ከንጉሡ ጋር ዓሣ አጥማጁና ወይን ለቃሚው አብረው ይቆማሉ።

ይህንን ሥራ ሊቃውንት ከታላቅ የቅርጻ ቅርጽ ጥበብ ላይቆጥሩት ይችላሉ። ሆኖም ከፎቶግራፉ ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው። መድረኩ ራሱ እርከኑ ነው። ብርሃኑ ሲበራ በጨለማው ኮረብታ ላይ የሚታየው የምስሎቹ ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ ምስሎቹ የቆሙበት የካብ ረድፍ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ይታያል። ሰውዬው ምስሎቹን ለማቆም መጀመሪያ ካቡን ማቆም ነበረበት። ለተውኔት ሰዎች ይህ ሊያስቀና የሚገባ ነገር ነው፤ ዳራውን በሸራ ላይ ከመሳል ይልቅ ዳራውን ያረሰ ተዋናይ ስንት ይገኛል?

ስለ ሩቅ ዳርቻ የሚደረግ ይህ ክርክር በኢትዮጵያ ላሉ መምህራንና የኪነት ሰዎች ባዕድ አይደለም። የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር፣ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በ21 ትውልድ እጅ የቆየው የድንጋይ እርከንና በካብ የታጠረው መንደር፣ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው ቬርናጻ በጭቃ በተቀበረችበት በዚያው በ2011 ነው። የአንዱ ስም በክብር መዝገብ በተጻፈ በአራተኛው ወር የሌላው ካብ በጎርፍ ወረደ። የኮንሶ ካብ በአንዳንድ ስፍራ እስከ አምስት ሜትር ከፍ ይላል፤ የሚጠብቀውም እስከ ዛሬ በእርከኑ ላይ ማሽላ የሚዘራው ሰው ነው። ስለዚህ የኮንሶን ካብ የሚሥል ሠዓሊ፣ ካቡን ከካቢው ነጥሎ በጀምበር መጥለቂያ ወርቃማ ቀለም ብቻ ከሣለው፣ የሊጉሪያን ፖስት ካርድ ወደ ኢትዮጵያ አስገባ ማለት ነው። በመማሪያ መጽሐፍም «በእርከን ሥራዋ የታወቀች» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ድንጋዩ በምን ሥርዓት እንደሚቀመጥ፣ ጥገናው በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ወጣቱ ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄድ የእርሱን ወገን ካብ ማን እንደሚይዝለት ተማሪው መጠየቅ አለበት። በሊጉሪያ ይህንን ጥያቄ የጠየቁት ካቡ ከወረደ በኋላ ነው።

ዘግይቶም ቢሆን የተጀመረ ነገር መኖሩን አለመናገር አድልዎ ይሆናል። የደረቅ ድንጋይ ካብ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2018 ኢጣሊያን ጨምሮ በስምንት የአውሮፓ አገሮች ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገባ። በ2019 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እየተደገፈ የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር በማናሮላ ተዳፋት ላይ የተናዱ ካቦችን መልሶ የማቆም ሥራ ጀመረ፤ ካቡ የአየር ንብረት ለውጥ ለሚያመጣው ከባድ ዝናብ መከላከያ መሆኑ በይፋ የታመነበት ዕቅድ ነበር። በዕቅዱ ውስጥ ሥራ አጦችና ከሌላ አገር የመጡ ስደተኞች የካብ ሙያ እንዲማሩ ታስቦ ነበር። የሺህ ዓመቱን ጥበብ የሚረከብ የመንደር ልጅ ሲታጣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው እጅ ተፈለገ ማለት ነው። ይህ ለማንም ውርደት አይደለም። ነገር ግን ድንጋዩን አንሥቶ የሚያስቀምጠው ሰው በዚያው መንደር የሚያድርበት ቤት ሊያገኝ ይችላልን? ወይስ ማታ ማታ በባቡር ወደ ላ ስፔሲያ ተመልሶ፣ የጠገነው ተዳፋት ሥር ያለው ቤት በክረምት ባዶውን ያድራል? የክረምቱ አድናቂ ይህንን ቢጠይቅ የጉዞ ማስታወሻው ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ሩቅ መሄድ አያሻም። በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ አንድ ማለዳ ከማናሮላ ጣቢያ ወርዶ ወደ ላይ፣ ከቤቶቹ በስተ ጀርባ፣ በደረጃው መውጣት ይበቃል። ኮርኒሊያ ቢሆን ከጣቢያው ወደ መንደሩ ለመድረስ ብቻ ከ370 የሚበልጡ ደረጃዎች አሉ፤ ጉልበት የሌለው እዚያው ይወቀው። ላይ ሲደረስ መቀስ የያዘ ሰው በወይን ረድፍ መካከል ጎንበስ ብሎ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ወጣት አይደለም። የገረዘውን ቅርንጫፍ ይሰበስባል። ከጎኑ ባለፈው ሳምንት ዝናብ የወረደ ካብ ካለ ድንጋዮቹን እንደ መጠናቸው ለይቶ በየፈርጁ ደርድሯቸው ይሆናል። ከታች ያለው መንደር በእርግጥም ጸጥ ብሏል፤ የመቀሱ ድምፅ የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመጋቢት ማለቂያ ላይ ጀልባዎቹ ወደ ውሃ ይወርዳሉ፤ መስኮቶቹ ይከፈታሉ፤ ባቡሩ ከላ ስፔሲያ እየሞላ መምጣት ይጀምራል። በዚያ ክረምት ከተናዱት ካቦች የተነሡ አሉ፣ ያልተነሡም አሉ። ከመንደር እስከ መንደር ያለው ሐዲድ አብዛኛው በዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ በባቡሩ መስኮት በኩል ሁለቱም አይታዩም።